ጆርጅ ኩልታርድ፦ ስለ ተረሳው የአውስትራሊያ ፉትቦል ኮከብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዳንድ ሰው ዕድሜው አጭር፣ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። ጆርጅ ኩልታርድ በ27 ዓመቱ ሞተ። እስከዚያው ግን በፉትቦል ስሙ ገነነ፣ በክሪኬት ዳኛ ሆነ፣ በአንድ ውሳኔው የተነሳ ሕዝብ ሜዳ ወረረ፣ ለአውስትራሊያ ተሰለፈ፣ ሻርክም ጎተተው። ዛሬ እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ እንኳ ስሙን የሚያነሱት የድሮ ስፖርት ወዳጆች ብቻ ናቸው። ስለ እሱ ሲወራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ኩልታርድ ማን ነው?

ነሐሴ 1 ቀን 1856 ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ቦሩንዳራ በሚባል የሜልበርን አካባቢ ተወለደ። ያኔ አውስትራሊያ የሚባል አገር ገና አልተመሠረተም። የነበሩት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንግሥት ያላቸው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ናቸው፤ ቪክቶሪያም አንዷ ነበረች። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ለሚመጣው ጠብ ቁልፉ እሱ ነው።

ኩልታርድ ከ1876 እስከ 1882 ለካርልተን ክለብ ፉትቦል ተጫወተ። በበጋ ደግሞ ሥራው ክሪኬት ነበር።

ፉትቦል ስትሉ እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ነው?

አይደለም። ይህ የአውስትራሊያ የራሷ ጨዋታ ነው። ኳሷ እንቁላል ቅርጽ አላት፣ ሜዳውም ሞላላ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን በእጁ ይይዛል፣ ይዞ ይሮጣል፣ በእግሩ ይመታል። ከሌላ ተጫዋች እግር የተመታችን ኳስ መሬት ሳትነካ አየር ላይ የቀለበ ሰው ማንም ሳይነካው የመምታት መብት ያገኛል። እስከ ዛሬ ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ይኸው ቅለባ ነው።

በኩልታርድ ጊዜ ጨዋታው ከዛሬው በብዙ ይለይ ነበር። አሁን አንድ ቡድን ሜዳ ላይ 18 ሰው ያሰልፋል፤ ያኔ 20 ነበር። ጠንካራው ክለብ ደካማውን ሲገጥም ደግሞ ለደካማው 23 ወይም 25 ሰው ይፈቀድለታል። ማዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አለበለዚያ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው፣ ተመልካችም አይመጣም። የሚቆጠረውም ጎል ብቻ ነበር። ዛሬ ጎል 6 ነጥብ ነው፣ ለጥቂት የሳተችም 1 ነጥብ ታስገኛለች። ይህ አቆጣጠር በትልቁ ሊግ የጀመረው በ1897 ነው። ስለዚህ በኩልታርድ ዘመን አንድ ለዜሮ ወይም ሁለት ለአንድ ተራ ውጤት ነበር። ያኔ በዓመት ውስጥ ብዙ ጎል ማግባት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ መገመት ይቻላል።

አንድ ሰው እንዴት ሁለቱንም፣ ፉትቦልንም ክሪኬትንም፣ ይጫወታል?

ያኔ ብርቅ አልነበረም፤ ፉትቦሉ ራሱ የተወለደው ከክሪኬት ሰፈር ነው። ቶም ዊልስ የሚባል የክሪኬት ተጫዋች ሐምሌ 1858 ለአንድ የሜልበርን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ክሪኬተኞች ክረምቱን ተኝተው ከሚያሳልፉ የፉትቦል ክለብ አቋቁመው ሰውነታቸውን ይጠብቁ አለ። በዓመቱ፣ ግንቦት 17 ቀን 1859፣ ዊልስና ጥቂት ጓደኞቹ አሥር ሕጎች ብቻ ያሉት መተዳደሪያ ጻፉ። ጨዋታው ከዚያ አደገ። ሜዳው ሞላላ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ የክሪኬት ሜዳ ሞላላ ነዋ።

በፉትቦል ምን ያህል ጎበዝ ነበር?

በጣም! የካርልተን ዋነኛ ጎል አግቢ እሱ ነበር። ግን ከፊት ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ ብቻ አልነበረም፤ ቡድኑ በፈለገበት ቦታ ሁሉ ያሰልፈዋል። በ1870ዎቹ መጨረሻ በሜልበርን ከነበሩት ምርጦች መካከል ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነበር።

ክለቡም ቀላል ክለብ አልነበረም። ካርልተን በ1864 ተመሠረተ። የቪክቶሪያ ፉትቦል ማኅበር በ1877 ሲቋቋም የመጀመሪያውን ዓመት ሻምፒዮንነት የወሰደው ካርልተን ነው፤ ኩልታርድም ያኔ የቡድኑ ተጫዋች ነበር። ሻምፒዮንነት ስል ዛሬ የምናውቀው የነጥብ ሰንጠረዥና የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም። ክለቦች ዓመቱን ሙሉ ይጋጠማሉ፣ በመጨረሻ ማን እንደበለጠ የስፖርት ጋዜጠኞች ይጽፋሉ፣ ሰውም ይቀበላል። ዛሬ ቢሆን በዚህ አሠራር ፌስቡክ ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አስቡት።

በፉትቦል ገንዘብ ያገኝ ነበር?

በሕግ አይፈቀድም። ፉትቦል የአማተር ጨዋታ ነበር፤ ለተጫዋች በግልጽ መክፈል በትልቁ ሊግ የተፈቀደው በ1911 ነው። የኩልታርድ እንጀራ ከክሪኬት ነው የሚመጣው። የሜልበርን ክሪኬት ክለብ ደመወዝተኛ ነበር፤ ሥራው ለክለቡ አባላት መለማመጃ ኳስ መወርወር ነው። አባላቱ ባለጸጎችና የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ እሱ ተቀጣሪ ነው። ክረምት ላይ ደጋፊ ስሙን የሚጮህለት ኮከብ፣ በጋ ላይ ለጌቶች ኳስ ወርዋሪ። ይህ የኑሮ ልዩነት በታሪኩ ውስጥ ብዙም አይወራም፣ እኔ ግን ወሳኝ ይመስለኛል።

የሻርኩ ነገር እውነት ነው ወይስ ተረት?

እውነት ነው። ሲድኒ ወደብ ላይ ከጀልባ ሆኖ ዓሣ እያጠመደ ነበር። የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የኮቱ ጫፍ ወደ ውኃው ተንጠልጥሏል። ሻርክ ኮቱን ነክሶ ጎትቶ ውኃ ውስጥ ጣለው። ተረፈ፣ ወደ ጀልባዋም ተመለሰ። ከሲድኒ ጋር ያለው ነገር ከመጀመሪያውም ደህና አልነበረም ማለት ነው።

በ22 ዓመቱ እንዴት ዓለም አቀፍ ዳኛ ሆነ?

ሎርድ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ የክሪኬት ቡድን በ1878 መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ መጣ። የዚያን ጊዜ ልማድ እንግዳው ቡድን ራሱ አንድ ዳኛ እንዲያቀርብ ነው። የሜልበርን ክሪኬት ክለብ ኩልታርድን ጠቁሞ ሰጣቸው። ጥር 2 ቀን 1879 በሜልበርን የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ጨዋታ ሲጀመር ኩልታርድ ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ነበር። ዕድሜው 22 ዓመት ከ154 ቀን። በቴስት፣ ማለትም በአገሮች መካከል በሚደረገው ትልቁ የክሪኬት ግጥሚያ፣ ከእሱ በዕድሜ ያነሰ ዳኛ የለም።

በዚያው ጨዋታ የአውስትራሊያው ፍሬድ ስፖፎርዝ ሦስት እንግሊዛውያንን በሦስት ተከታታይ ኳሶች አስወጣ። በቴስት ታሪክ የመጀመሪያው ሃትሪክ ነው። ዳኛ ሆኖ ያየው ኩልታርድ ነው። አውስትራሊያ በቀላሉ አሸነፈች፣ ዳኛውንም ማንም አላማረረም። ችግሩ የመጣው በወሩ ነው።

የካቲት 8 ቀን 1879 ሲድኒ ላይ ምን ተፈጠረ?

ቅዳሜ ነው። የሎርድ ሃሪስ ቡድን ከኒው ሳውዝ ዌልስ ጋር ይጫወታል፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ ሲድኒ የምትገኝባት ቅኝ ግዛት ናት። ሜዳው ውስጥ ወደ 10,000 ሰው አለ።

በመጀመሪያው ዙር እንግሊዞች 267 ነጥብ አስመዘገቡ፣ ሲድኒዎች 177። ለሲድኒዎች ብቻውን የተከላከለው ቢሊ መርዶክ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይወጣ 82 ነጥብ ይዞ ጨረሰ። የሕዝቡ ልጅ እሱ ነው። በብዙ ነጥብ ስለተበለጡ ሲድኒዎች ወዲያው ለሁለተኛ ዙር መግባት ነበረባቸው፤ ተስፋው ሁሉ እንደገና መርዶክ ላይ ሆነ።

ክሪኬት ላልለመደ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ባት የያዙ ሁለት ተጫዋቾች በሁለት ጫፍ ይቆማሉ። ኳሷ ከተመታች በኋላ ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፣ ነጥብ የሚቆጠረውም በዚያ ነው። ሯጩ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ኳሷ ተመልሳ የተተከሉትን እንጨቶች ካፈረሰች ይወጣል። ቫር የለ፣ ካሜራ የለ፤ ያለው የዳኛው ዓይን ብቻ ነው።

መርዶክ ገና 10 ነጥብ ላይ እያለ እንዲህ ያለ የጭንቅ ሩጫ መጣ። ኩልታርድ አልደረሰም፣ ውጣ አለው።

ከተመልካቹ ጩኸት ተነሳ። መርዶክን መልሱት፣ ዳኛውን አስወጡት ይላል። ቀጥሎ እስከ 2,000 የሚገመት ሰው አጥሩን አልፎ ሜዳ ገባ። ሎርድ ሃሪስ ዳኛውን ለማዳን ወደ መሃል መጣ፤ እሱን ራሱን አንዱ በበትር መታው። አልበርት ሆርንቢ የሚባለው እንግሊዛዊ፣ ሰውነቱ ትንሽ ነገር ግን ቦክስ የሚችል፣ መቺውን አንቆ እየጎተተ ወደ ክለቡ ሕንፃ ወሰደው። በመንገድ ሸሚዙ ተቀደደ። ጆርጅ ዩሌትና ቶም ኤሜት ደግሞ ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል ብለው እንጨቶቹን ነቅለው ያዙ።

የሲድኒዎች አምበል ዴቭ ግሪጎሪ ዳኛው ይቀየር ብሎ ጠየቀ። ሃሪስ አልቀይርም አለ። ሜዳው ይጸዳል፣ ሰው ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይጸዳል። የዚያን ቀን ጨዋታ እንዲሁ ተበላሸ። ሃሪስ ከሜዳው አልወጣም፤ ከወጣሁ ጨዋታውን በፎርፌ ልሸነፍ እችላለሁ ብሎ ሰግቶ ነበር።

ሕዝቡ ለአንድ ውሳኔ ይህን ያህል ለምን ተቆጣ?

ለውሳኔው ብቻ አልነበረም። አንደኛ፣ ኩልታርድ ከቪክቶሪያ ነው። ሲድኒና ሜልበርን ያኔም በሁሉም ነገር ይናቆራሉ፤ ቪክቶሪያ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ ትጥላለች፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ነፃ ንግድ ትላለች፣ በጋዜጣ ይሰዳደባሉ፣ በክሪኬት ይበላለጣሉ። እንግዲህ እንግሊዞቹ ቀጥረው ያመጡት ዳኛ የሜልበርን ልጅ መሆኑን ሲያይ ሲድኒ ምን ይላል? ሁለተኛ፣ ቀደም ብሎ ሎርድ ሃሪስ መውጣት ነበረበት በተባለበት አንድ ኳስ ኩልታርድ አልወጣም ብሎ አሳልፎት ነበር። ቂሙ ከዚያ ተይዟል።

ሦስተኛው ውርርድ ነው። ሜዳው ውስጥ በግልጽ ገንዘብ የሚያስይዙ ሰዎች ነበሩ፤ ቤቲንጉ ከተመልካቹ መሃል እንጂ ከጓሮ አልነበረም። በሲድኒ ላይ ብር ያስያዘ ሰው መርዶክ ሲወጣ ብሩም አብሮ ወጣ። ረብሻውን ያቀጣጠሉት እነሱ ናቸው የሚለው ወሬ ወዲያው ነው የተሰማው።

ኩልታርድ ራሱ ተወራርዶ ነበር?

ተብሎ ተወርቷል። እሱ ግን በጋዜጣ ክዷል። ክሱን የሚደግፍ ማስረጃም አልተገኘም። ከሁሉ የሚያሳምነኝ የሌላው ዳኛ ነገር ነው። በሌላው ጫፍ ቆሞ የነበረው ኤድመንድ ባርተን የሚባል ወጣት የሲድኒ ጠበቃ ነው። የሲድኒ ሰው ሆኖ ሳለ ውሳኔው ትክክል ነው ብሎ ከኩልታርድ ጎን ቆመ። በዚያ ቀን እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም።

ባርተን የሚለው ስም የታወቀ ይመስላል፤ ያው ሰውዬ ነው?

ያው ነው። ቅኝ ግዛቶቹ በ1901 አንድ አገር ሲሆኑ የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኤድመንድ ባርተን። በረብሻው ቀን ባሳየው እርጋታ ስሙ ተነሳ፤ በዚያው በ1879 ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ምክር ቤት ገባ። ሜዳ ከወረሩት መካከል ደግሞ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር ይባላል፤ ኋላ ባንጆ ፓተርሰን ተብሎ የታወቀው ገጣሚ። ምስሉ ዛሬ በአውስትራሊያ የ10 ዶላር ኖት ላይ አለ። ከዚያ ቀን ሁሉም አንድ ነገር አተረፉ፣ ከኩልታርድ በስተቀር።

ጨዋታውስ እንዴት አለቀ?

ሰኞ ቀጠለ። ሲድኒዎች በሁለተኛው ዙር 49 ላይ አለቁ፣ እንግሊዞች ሁለተኛ ዙር መጫወት ሳያስፈልጋቸው በ41 ነጥብ አሸነፉ። መርዶክ ቢቆይም ኖሮ ብዙ የሚቀየር አይመስልም። ሁለት ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ተቀጡ። የሲድኒ ክሪኬት ሰዎች ሎርድ ሃሪስን ይቅርታ ጠየቁ። እሱ ግን የሆነውን ሁሉ ዘርዝሮ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደብዳቤው ለንደን ላይ ጋዜጣ ወጣ፣ ነገሩ እንደገና ጋለ። ከአውስትራሊያ ጋር ታስቦ የነበረው ሁለተኛ ግጥሚያም ተሰረዘ።

በ1880 አውስትራሊያውያን ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ሊገጥሟቸው አልፈለጉም። በስንት ልመና መስከረም ላይ ለንደን ኦቫል ሜዳ አንድ ጨዋታ ተዘጋጀ። የእንግሊዝ አምበል ሎርድ ሃሪስ፣ የአውስትራሊያ አምበል ቢሊ መርዶክ። እንግሊዝ ምድር ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ቴስት ያ ነው።

ኩልታርድ ራሱ ለአውስትራሊያ ተጫውቷል?

አንድ ጊዜ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። የካቲት 1882 ከእንግሊዝ ጋር ሲድኒ ላይ ተሰለፈ። ሜዳው ያው ሕዝብ የወረረበት ሜዳ ነው። አምበሉ ደግሞ ቢሊ መርዶክ፤ ኩልታርድ ውጣ ያለው ሰውዬ! ሁለቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባባሉ መስማት ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ኩልታርድ በ11ኛ ተራ፣ ማለትም በመጨረሻ ገባ፣ 6 ነጥብ አስመዝግቦ ሳይወጣ ጨረሰ። አንድም ኳስ አልወረወረም። ወርዋሪ ሆኖ ለሚኖር ሰው ይህ ይገርማል። አውስትራሊያ አሸነፈች። ዳግመኛ አልተመረጠም። በቴስት መጀመሪያ ዳኛ፣ በኋላ ተጫዋች ሆኖ የተገኘ ሰው ጥቂት ነው።

የፉትቦል ሕይወቱ እንዴት አበቃ?

በጠብ። በዚያው በ1882 ካርልተን ሆተምን ሲገጥም ከአንድ የሆተም ተጫዋች ጋር በቡጢ ተያያዙ፣ ማኅበሩም አገደው። ሆተም ዛሬ ሰሜን ሜልበርን የሚባለው ክለብ ነው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ለመመለስም ጊዜ አልነበረውም፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል። በዚያ ዘመን መድኃኒት የለውም። ጥቅምት 22 ቀን 1883 ሞተ።

ይህን ያህል ታሪክ ያለው ሰው ለምን ተረሳ?

አጭሩ መልስ፦ የተሳሳተ ዓመት ላይ ተወልዶ ነው። በ1896 መጨረሻ ስምንት ክለቦች ከማኅበሩ ተገንጥለው የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግን መሠረቱ፤ ካርልተን አንዱ ነበር። ውድድሩ የጀመረው በ1897 ነው። የዛሬው የአውስትራሊያ ትልቁ ሊግ ራሱን የሚቆጥረው ከዚያ ዓመት ነው። የጎል ሪከርድ፣ የጨዋታ ብዛት፣ የሻምፒዮንነት ቁጥር፣ ሁሉም ከ1897 ይጀምራል። የካርልተን የ1877 ድል እንኳ በሊጉ ቆጠራ ውስጥ የለም። ኩልታርድ ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ስለዚህ ደጋፊ የሚያገላብጠው የሪከርድ ዝርዝር ውስጥ ስሙን አያገኘውም።

ክሪኬት በሌላ በኩል ሁሉን ነገር መዝግቦ ያስቀምጣል። ስለዚህ የቀረችው ያቺ 6 ነጥብ፣ ያ የዳኝነት ዕድሜ፣ ያ ረብሻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሜልበርንን ያስደሰተበት ፉትቦል የቀረው በድሮ ጋዜጣ ገጾች ላይ ነው። ትክክል አይመስለኝም። ሊጉ ከ1897 በፊት የነበረውን በሙሉ ልብ ይቁጠር አይቁጠር የሚለው ክርክር እዚያ ዛሬም አለ፤ ድምፅ ብሰጥ ይቆጠር የምል ነኝ።

ሜልበርን ወይም ሲድኒ ብሄድ የማየው ነገር አለ?

አለ። ሜልበርን ያላችሁ፣ በተለይ ፉትስክሬይ አካባቢ ያሉት የእኛ ሰዎች፣ የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ሩቅ አይደለም። ኩልታርድ በዳኝነት የቆመው እዚያ ነው። ውስጡ የስፖርት ሙዚየም አለ፤ ውጪው ላይ ደግሞ የቶም ዊልስ ሐውልት። ሐውልቱ ዊልስን በ1858 ሁለት ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ፉትቦል ሲዳኝ ያሳያል። ሲድኒ ከሆናችሁ የረብሻው ሜዳ ሙር ፓርክ ውስጥ ነው፤ ዛሬ የሲድኒ ክሪኬት ሜዳ ይባላል። ክረምት ላይ ከሄዳችሁ እዚያው ሜዳ ላይ ፉትቦል ታያላችሁ፤ የሲድኒ ስዋንስ ቡድን መጫወቻ ነው።